ዳማ ከሴን በሜታኖል የሚጠጣ ሰው የለም

ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ቅጠል የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ጤና አዳሙን፣ ዳማ ከሴውን፣ ግራዋውንና የቀበሪቾውን ሥር ጆንያ ላይ ደርድረው ይቀመጣሉ። በቀደም ምች የመታው አንድ ወጣት መጣ። ከዳማ ከሴው አንድ እፍኝ ሰጡትና፣ «ሳይጠወልግ ዛሬውኑ በእጅህ እሸው። ጭማቂውን ቡና ላይ ጠብ አድርገህ ጠጣው፤ የቀረውን አሽትተው፣ ግንባርህንም ቀባው። እሳት ላይ እንዳትጥደው ልጄ» አሉት።

እኔን ያስቆመኝ ያ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው። በተማሪነቴ ላብራቶሪ ውስጥ ቅጠል ሳደርቅና ስዘፈዝፍ ስለከረምሁ አሠራሩን አውቀዋለሁ። ቅጠሉ በጥላ ይደርቃል፣ ይደቅቃል፣ ሜታኖል (የማይጠጣ፣ መርዛማ አልኮል) ወይም ኤታኖል በሚባል አልኮል ለቀናት ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል። አልኮሉ ሲተን ከሥር ጥቁር አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይቀራል። ባክቴሪያ ላይ የሚሞከረው እርሱ ነው። የዳማ ከሴ ሽታ ግን በኖ የሚጠፋ ዘይት ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ይቀንሳል፣ አልኮሉ ሲተን ደግሞ አብሮ ይሄዳል። እንግዲህ እኛ የመረመርነው እኝህ እናት ለወጣቱ የሰጡትን መድኃኒት አልነበረም።

ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ የወባ መድኃኒት ፍለጋ ላይ ሳሉ ያጋጠማቸው ይኸው ነበር። ለወባ ይሆናል የተባለ አንድ የአገራቸውን ቅጠል በሙቀት ሲያዘጋጁት ውጤቱ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ከ1,600 ዓመት በላይ የቆየ የሕክምና ጽሑፍ ሲያነብቡ ግን፣ አንድ እፍኝ ቅጠል በውኃ ዘፍዝፎ ጨምቆ መጠጣት እንጂ ስለ ማፍላት የሚናገር ነገር አላገኙም። በ1971 እ.ኤ.አ. በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን ኤተር በሚባል ፈሳሽ አወጡት፤ በማግሥቱ ዓመት አርቲሚሲኒን የተባለው የወባ መድኃኒት ተለይቶ ተገኘ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኙበት። የጥንቱን አዘገጃጀት እንደ ተራ ልማድ ቢያልፉት ኖሮ መድኃኒቱም ያመልጣቸው ነበር።

በባህል መድኃኒት ምርምር የሚሠሩ ወገኖቼን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰው እንደሚወስደው አድርጋችሁ መርምሩት። ሜታኖሉ ይቅር አላልሁም፤ ውስጡ ያለውን ለመለየት ይጠቅማል። ከጎኑ ግን ያልደረቀው ቅጠል ጭማቂ፣ በውኃ የተዘፈዘፈው፣ የሚፈላ ከሆነም የፈላው ይቀመጥ።

የብዙዎቹ ጥናቶች መደምደሚያ ሚሊሜትር ነው። ባክቴሪያ በተዘራበት፣ አጋር በሚባል ዝልግልግ ማብቀያ ላይ 6 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ክብ ወረቀት ከቅጠሉ የወጣውን ይዛ ትቀመጣለች፤ በማግሥቱ በዙሪያዋ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጠራ ያለ ቀለበት ይለካል። ቀለበቱን ሳየው የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳሁትም። ነገር ግን ስፋቱ ከቅጠሉ የወጣው በአጋሩ ውስጥ በሚሰርግበት መጠንም ይወሰናል፤ ኃይለኛ ሆኖ የማይሰርገው ጠባብ ቀለበት ይዞ ይቀራል። ደግሞ ባክቴሪያውን ለመግታት እኛ በአንድ ሚሊ ሊትር የምንጠቀመው በሚሊግራም የሚቆጠር ነው። ጥሩ አንቲባዮቲክ የሚሠራው በጥቂት ማይክሮግራም (የሚሊግራም አንድ ሺኛ) ነው፤ በመካከላቸው የሺህ እጥፍ ያህል ርቀት አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞተ ተገምቷል። ፍለጋው እንዲህ የሚያስቸኩል ስለሆነ ነው ልኬቱ በቀለበት ማቆም የሌለበት።

አንቲኦክሲዳንት (ሕዋስን የሚጎዱ ነገሮችን የሚያከሽፍ) መሆኑን የሚፈትሸው ምርመራ ላይ ብዙ አልቆይም። የመፈተኛው ሐምራዊ ፈሳሽ ወደ ቢጫ ሲለወጥ ቅጠሉ ሠራ ይባላል። የዘጌ ቡናም እዚያው ብልቃጥ ውስጥ ቢገባ ይለውጠዋል፤ ሰውነት ውስጥ የሚሆነው ግን ሌላ ምርመራ ይፈልጋል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጉዳቱ ነው። ዘጌ ውስጥ ለቡናው ጥላ የሚሆነው ብርብራ ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣ ያሰክራል፤ የጣና ዓሣ አጥማጆች ከጥንት ያውቁታል። ኮሶም መጠኑ ካለፈ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። «ከጫካ የመጣ አይጎዳም» የሚለው ወሬ በየስልኩ በሚዞርበት በዚህ ጊዜ፣ ባክቴሪያ ገደለ ብለን ጉበትና ኩላሊት ላይ ምን እንደሚያደርግ ሳንመረምር ስንጽፍ ሰው አንብቦ ይጠጣዋል። ነፍሰ ጡርም ትጠጣዋለች።

አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀት በፈቃድ እንዲወሰድና ባለቤቱም ከጥቅሙ እንዲካፈል ይላል። ጥቅም ሲባል ገንዘብ ብቻ ሆኖ አይታየኝ። ለቅጠል ሻጯ «ይህኛው ለቁስል ይሆናል፣ ይህኛውን ግን ለነፍሰ ጡር አይስጡ» ብሎ መንገርም ጥቅም ነው። እኔ ያን ጊዜ ቅጠል የወሰድሁባቸው ሴት፣ «ያገኛችሁበትን መጥታችሁ ንገሩኝ» ብለውኝ ነበር። ጽሑፌ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም ሳልመለስ ቀረሁ። በዚህ ዓመት ተማሪ የሚያማክሩ መምህራን የምርምር ዕቅዱ ላይ ከመፈረማቸው በፊት፣ ውጤቱን ለማን፣ መቼ፣ በምን ቋንቋ እንደሚነግር ይጠይቁት።