አዲስ አበባ የሚኬደው ለጉዳይ ብቻ ነው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ «ነገ አዲስ አበባ ልሄድ ነው» ብላችሁ ሞክሩ። መጀመሪያ የምትሰሙት «በሰላም ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። ቀጥሎ «ማን ታመመ?» ይመጣል። ሪፈር ተጽፎላችሁ፣ ፓስፖርት ልታወጡ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ደርሶባችሁ ወይም መርካቶ ዕቃ ልታመጡ ካልሆነ፣ በደህና ቀን ወደዚያ የሚሄድ ሰው አለ ብሎ የሚያስብ የለም። «ዝም ብዬ ከተማውን ላይ፣ ምሳም ልበላ» ብትሉማ ጎረቤት በሆዱ «ገንዘቡ በዝቶበታል» ይላል።

እኔ ይሄ ልማድ ይብቃን ባይ ነኝ። ሰሜን ሸዋ የሚኖር ሰው፣ አቅሙ ከፈቀደ፣ በዓመት አንድ ቀን ፋይል ሳይዝ አዲስ አበባ ይግባ። የሚታየውን ይይ፣ የሚበላውን ይብላ፣ ይመለስ። ቅንጦት ነው የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን የዚያች ከተማ ታሪክ የሚጀምረው እኛ ደጃፍ ነው። ልጆቻችን ስለ ምኒልክ በመጽሐፍ ያነባሉ፤ እኛ ደግሞ በሐውልታቸው ሥር እየሮጥን ፎቶ ኮፒ ቤት እንፈልጋለን።

የጉዳይ ጉዞ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ወረፋ ነው። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ነው። በፌስታል የያዙትን ዳቦ ግድግዳ ተደግፎ መግመጥ፣ በአንድ እጅ ኪስን፣ በሌላው ፋይሉን አጥብቆ መያዝ ነው። ማታ ቤት ስንገባ «አዲስ አበባ እንዴት ናት?» ሲሉን «ኧረ ተዉኝ፣ ትርምስ ናት» እንላለን። ያየነው ወረፋውን ነዋ! ከተማዋን መቼ አየናት?

መንገዱ እኮ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጫጫን፣ ሸኖን፣ አለልቱን፣ ሰንዳፋን አልፎ ለገጣፎ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሳ ሰው መንገዱ ከቀናው እስከ 3 ሰዓት ከተማ ይገባል። «ከቀናው» ያልኩት በምክንያት ነው። ባለፉት ዓመታት መንገድ የሚዘጋበት፣ ሰው ቀብር እንኳ ሳይደርስ ከቤቱ የሚቀርበት ቀን እንደነበር ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ መጀመሪያ ስልክ ደውሎ የመንገዱን ወሬ መጠየቅ ነው። ሰላም ነው ከተባለ ግን ሰበብ የለም።

ጉዞው ላይ አትተኙ። ጫጫ ስትደርሱ አንጎለላ ሩቅ አይደለችም፤ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያ ነው። አንኮበር ነግሠው፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን አጠገብ ልቼ ከትመው፣ በኋላ እንጦጦ ወጡ። ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃው ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ስሟን ያወጡት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። እንግዲህ እናንተ በሚኒባስ የምትሄዱበትን አቅጣጫ ዋና ከተማው ራሱ በድንኳንና በበቅሎ ሄዶበታል ማለት ነው።

የእኔ ቀን የሚጀምረው አራዳ ጊዮርጊስ ነው። ሌላ ቦታ ጀምሩ የሚላችሁን አትስሙ። ካቴድራሉ ለዓድዋ ድል መታሰቢያ የተሠራ ነው፤ ስምንት ማዕዘን ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚሁ ነው። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ጫማችሁን አውልቃችሁ ግቡና ቀና በሉ። የመስኮቶቹን ባለቀለም መስታወትና የግድግዳውን ሥዕል የሠሩት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። ፀሐይ ስትወጣ ቀዩና ሰማያዊው ወለሉ ላይ ይወድቃል፤ ነጠላ የለበሰች እናት በመሃሉ ስታልፍ ነጠላዋ ለአፍታ ቀለም ይቀየራል። እኚህ ሰዓሊ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር የተወለዱ ናቸው። በዓለም የታወቀው የአፍሪካ አዳራሽ መስታወትም የእሳቸው ነው፤ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ የሚያሳይ፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ሥራ። አንኮበር ሄዳችሁ ሕፃናቱን «አፈወርቅ ተክሌ ማን ናቸው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ስንቱ እንደሚመልስ እንጃ።

ከግቢው ስትወጡ ምኒልክ በፈረስ ላይ ናቸው። ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም. ቆመ፤ ጣሊያን ሲገባ ነቅሎ ቀበረው፤ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። አጠገቡ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። ግዙፍ ነው። ሁሉን ልይ ካላችሁ ቀኑ እዚያው ያልቅና ምሳችሁን ትረሳላችሁ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ግን ሌላውን ሰርዛችሁ እዚህ ቆዩ።

ፒያሳን የሚያውቅ ሰው ግን እዚህ ጋ ቅር ይለዋል። በ2016 ዓ.ም. አሮጌው ሰፈር ብዙው ፈርሷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ የእግረኛ መንገዱ በደንብ ያራምዳል። ይሄን አልክድም። ግን ያ የእንጨት በረንዳ፣ ያ ወርቅ ቤት፣ ያ ጠባብ ኬክ ቤት የከተማዋ ትዝታ ነበር። የቀረውን ሳይቀር እዩት፤ ይሄም አንዱ የመሄጃ ምክንያት ነው። ለቡና ከ70 ዓመት በላይ ሲቆላ የኖረ ቶሞካ አለ። የድሮ ደንበኛ እዚያ ቡናውን ቆሞ ነው የሚጠጣው። ማኪያቶ ከፈለጋችሁ ማኪያቶ፣ ግን ጥቁር ቡና ይሻላል። የተቆላው ሽታ ልብሳችሁ ላይ ያድራል።

ከዚያ ታክሲ ይዛችሁ አራት ኪሎ። እዚህ ብዙ ሰው ወደ አንድነት ፓርክ ይሮጣል። ፓርኩ በቂ ጊዜ ይፈልጋል፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። እኔ የምወስዳችሁ ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ወዳለው ታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ነው። የምኒልክ መቃብር እዚያ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ወዳለው ምድር ቤት ስትወርዱ የእምነበረድ ሣጥኖቹን ታገኛላችሁ። መሃል ምኒልክ፣ ከግራና ከቀኝ ጣይቱና ዘውዲቱ። ግርግር የለም። የሚያስጎበኙት አባት ጥያቄ ከጠየቃችኋቸው ደስ ብሏቸው ያወራሉ፤ ካልጠየቃችሁ ዝም ይላሉ። ስለዚህ ጠይቁ። ከየት እንደመጣችሁም ንገሯቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ ወደ ምሳ።

ፒያሳ ያለው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል የሀገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል ነው። ሲከፈት ሰው ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላት ነውር መስሎት እምቢ ብሎ እንደነበር ይነገራል። ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ በልተው፣ ከፍለው አስለመዱ ይባላል። ይሄ ሁሉ ዘመን አልፎ እኛ ዘንድ ነውሩ አልለቀቀም። የሰሜን ሸዋ ሰው ለሠርግ በሬ ይጥላል፣ ለተዝካር ጠላውን በጋን ይደረድራል፤ ለራሱ አንድ ሳህን ምግብ ተቀምጦ ለመብላት ግን እጁ ይታሰራል። ቆሎ ቋጥሮ ይሄዳል። ቆሎን የሚጠላ የለም፤ የእኛን ገብስ የመሰለ ቆሎ ደግሞ የትም አይገኝም። ግን ለመንገድ ይሁን፣ ለምሳ አይሁን።

ፍስክ ከሆነ ክትፎ ብሉ። ለዚህ ነው ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንም አስቀድማችሁ ማሰብ ያለባችሁ። ደህና ክትፎ ቤት ያለው የጉራጌ ሰው እጅ ነው፤ ሥጋው ሳይንቦጫረቅ የተከተፈ፣ በሚጥሚጣና በኮረሪማ የታሸ፣ በጣባ የሚቀርብ። ለብ ለብ በሉት፤ የፈራ ይብሰልለት። አጠገቡ አይብና ጎመን፣ ቆጮው በስሱ ተቆርጦ። ጣባው ጠርዝ ላይ ንጥር ቅቤው ወርቅ መስሎ ሲፈስ ታዩታላችሁ። ያ ቅቤ ምናልባት ጠዋት በመስኮት ያያችሁት ሸኖ ገበያ የወጣ ነው። አዲስ አበባ የእኛን መንገድ ቅቤ በደንብ ትበላለች፤ እኛም እዚያው ሄደን ብንበላው ምን ይለናል?

ጾም ከሆነ በያይነቱ ነው። እውነቱን ለመናገር ከክትፎው ይልቅ እሱን የምመርጥበት ቀን አለ። ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ስልጆው፣ ሱፍ ፍትፍቱ በአንድ ትሪ። ኪስ ከሳሳ ደግሞ ጠንከር ያለ ሽሮ ተጋቢኖ አለ፤ ማንም አያፍርበትም። ምግብ ከማዘዛችሁ በፊት ዝርዝሩን ከዋጋው በኩል ማንበብ ነውር አይደለም። ቫት ተጨምሮበት እንደሆነም ጠይቁ። 15 በመቶ ከምሳ በኋላ ሲመጣ ክትፎውን ያጎመዝዛል።

«የኑሮ ውድነቱን እያየህ ምን ታወራለህ?» የሚለኝ አሁን ብድግ ብሏል። ትክክል ነው፤ ደሞዝተኛ ቤተሰብ ይዞ ልውጣ ቢል ወሩን ያናጋዋል። ለዚህ ነው በዓመት አንዴ ያልኩት። ደግሞም የተናገርኩት አብዛኛው ነገር የሚታይ እንጂ የሚገዛ አይደለም። ሐውልት በነፃ ነው። ብዙውን ዋጋ የሚያስከፍለው ትራንስፖርቱና ምሳው ነው፤ ምሳው ላይ ደግሞ አማራጭ ሰጥቻችኋለሁ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። ብሔራዊ ሙዚየም ከሄዳችሁ ድንቅነሽን ታያላችሁ፤ በ1967 ዓ.ም. አፋር ሐዳር የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረች። ለዕይታ የቀረበው ቅጂው ነው፤ ትክክለኛው አጥንት ተጠብቆ ተቀምጧል። ትንሽ ከፍ ብሎ ስድስት ኪሎ ላይ የየካቲት 12 ሐውልት አለ። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስት የጨፈጨፈው ሕዝብ መታሰቢያ ነው። ቆም ብሎ ማለፍ ነው።

እኔ ግን እንጦጦን እመርጣለሁ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እንጦጦ ማርያም ነው። ከላይ ሆናችሁ ከተማዋን ስታዩ ጠዋት ያስጨነቃችሁ ትርምስ ሁሉ ዝም ይላል። የአዲስ አበባ ልጅ እዚያ ሲወጣ ጃኬት ደርቦ «ብርድ ገደለኝ» ይላል። ከ2,800 ሜትር በላይ ተወልዶ በበርኖስ ላደገ ሰው ግን አየሩ የሰፈሩ ነው። ባህር ዛፉም አዲስ አይሆንበትም።

ትምህርት ቤቶቻችንን አንድ ነገር ልጠይቅ። የታሪክ ትምህርት ላይ ያሉ ልጆችን ለዓመቱ መጨረሻ ሽርሽር ስትወስዱ ለፎቶ ብቻ የሚሆን ቦታ አትምረጡ። መጀመሪያ አንጎለላን አሳዩዋቸው፣ ከዚያ አንኮበርን፣ በመጨረሻ በዓታን። ንጉሡ የተወለዱበትንም የተቀበሩበትንም አንድ ላይ ያየ ልጅ መምህሩ ከሚነግረው በላይ ይጠይቃል። ወላጅም ገንዘብ ሲጠየቅ «ለጨዋታ ነው» አይበል።

ለመመለስ ከ10 ሰዓት በፊት ተንቀሳቀሱ። ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ያለው መጨናነቅ ማንንም አይምርም። እና አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኮተቤ፣ ካራና አያት አካባቢ አክስት ወይም አጎት የሌለው ሰሜን ሸዌ የለም። ጠዋት «መጥቻለሁ» ብላችሁ ከደወላችሁ ቀናችሁ አበቃ። ቡና ይፈላል፣ ምሳ ይሠራል፣ «እደር» ይመጣል፣ እንጦጦም ይቀራል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ከገባችሁ በኋላ ደውሉ። ይቆጣሉ፤ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ክትፎውን እነሱ ይጋብዟችኋል።