የዋዜማ ቅኔ

ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቼ የመጀመሪያው ደረጃ፣ ጉባኤ ቃና ላይ የቀረሁ ሰው ነኝ። ጎጃም ተወልዶ እንዲህ መቅረት ያሳፍራል። ቢሆንም ጥሩ ቅኔ ስሰማ አውቃለሁ። በቅኔ የታወቁትን የዲማንና የዋሸራን መምህራን የሚያስንቅ ባለቅኔ ዋሽንግተን ይኖራል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ተሳስቻለሁ።

(ተሳስቻለሁ ማለት እንዴት እንደሚቀል አያችሁ? መራጭ የለኝማ።)

የማወራው ስለ ጦርነትና ስለ ምርጫ ነው። ስለ ቅርቡ አይደለም። የቅርቡ ይሰማል፤ ከሰማ ደግሞ ይቆጣል። የሩቁን ማማት ይሻላል።

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ደብረ ማርቆስ አንዲት ቡና ቤት ከየኔታ ጋር ተቀመጥን። የኔታ የቅኔ መምህሬ ነበሩ። ገና ወንበሩ ሳይሞቅ "ዛሬ ሂሳቡ የኔ ነው፤ እንዳትነካው" አሉኝ። እሺ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። የጆን ኬሪን ነገር ላነብላቸው ጓጉቼ ነበር።

ኬሪ ሴናተር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2002 የአሜሪካ ሴኔት በ77 ለ23 ድምፅ ፕሬዝዳንት ቡሽ ኢራቅ ላይ ጦር እንዲያዘምቱ ሲፈቅድ፣ ከ77ቱ አንዱ እሳቸው ናቸው። በዓመቱ ለኢራቅና ለአፍጋኒስታን 87 ቢሊዮን ዶላር ሲጠየቅ ግን እምቢ አሉ። በ2004 ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደሩ ነገሩ ተነሳባቸው። መልሳቸውን ተርጉሜ አነበብኩ፦ "ለ87 ቢሊዮኑ በርግጥ የድጋፍ ድምፅ ሰጥቻለሁ፤ የተቃውሞ ድምፅ ከመስጠቴ በፊት።"

የኔታ ሲኒውን አስቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ድገመው።"

ደገምኩት።

"ይበል! ጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት። ህብረ ቃሉን አገኘኸው?"

"አላገኘሁትም፣ የኔታ።"

"ለዚህ ነው የቀረኸው። ድምፅ ነው እንጂ! ምክር ቤት ገብተው ሲሰጡትም ድምፅ፣ አደባባይ ወጥተው ሲለምኑትም ድምፅ። የሰጡት ሰሙ ነው፤ የሚለምኑት ወርቁ።"

ለእውነቱ ሲባል፣ ኬሪ መጀመሪያ የደገፉት ገንዘቡ ከሀብታሞች ግብር ይምጣ የሚል ሌላ ረቂቅ ነበር። ይህን ማብራሪያ የሰማ የለም። ቅኔም ሲያብራሩት ይሞታል።

እናም እንደ ኬሪ ያሉትን ሰዎች ወላዋይ፣ እስስት የምትሉ እባካችሁ ተዉ። ክፉ ሰው "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ይላቸዋል። ስህተት ነው። እነሱ የሚጮኹት ጅቡ ሲሄድ አይደለም፤ መራጩ ሲመጣ ነው። ጊዜ ማወቅ ደግሞ ሙያ ነው።

የሙያውን ጥግ ማየት የፈለገ ፕሬዝዳንት ሊንደን ጆንሰንን ይመልከት። በነሐሴ 1964 ኮንግረሱ ቬትናም ላይ እንዳሻቸው እንዲያዘምቱ ፈቀደላቸው። በተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ0፣ በሴኔት 88 ለ2። በጥቅምት ግን ለምርጫ ቅስቀሳ ወጥተው፣ የእስያ ልጆች ራሳቸው ሊሠሩት የሚገባውን ሥራ እንዲሠሩ የአሜሪካን ልጆች ወደዚያ አንልክም አሉ። አሸነፉ። አምስት ወር ሳይሞላ የአሜሪካ ማሪን ወታደሮች ቬትናም፣ ዳናንግ ወረዱ። ሰዎቹ እንግዲህ ልጆች አልነበሩም ማለት ነው።

በ1968 ደግሞ ምርጫው አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሰሜን ቬትናምን በቦምብ መደብደብ ቆመ ብለው አወጁ። እሳቸው አይወዳደሩም፤ ምክትላቸው ግን ይወዳደራል። አምስት ቀን! ቅኔ ቤት የገባ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ዋዜማ የሚባለው ቅኔ አምስት ቤት ነው። ቤቱንም በደንብ መትተውታል። ቦምቡም ሲመታ ነበር፤ የሰው ቤት።

በ1964 ሴኔት ውስጥ እምቢ ካሉት ከሁለቱ አንዱ ዌይን ሞርስ ይባላሉ፣ ሁለተኛው ኧርነስት ግሩኒንግ። ቅኔ የሚባል አልፈጠረባቸውም። ያሉትን ብለው እዚያው ቀሩ። በ1968፣ አገሩ ሁሉ ጦርነቱን በጠላበት ዓመት፣ ሁለቱም ወንበራቸውን አጡ። ለተማሪ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ቀድሞ ማወቅ እንደ ጥፋት ይቆጠራል።

ዋሽንግተን ከተማ ጥቁር ግድግዳ አለ። በቬትናም ጦርነት ያለቁ ከ58,000 በላይ የአሜሪካውያን ስም ተቀርጾበታል። የቬትናሞቹ ስም ቢጨመር ግድግዳው የት እንደሚያልቅ እንጃ። ይህን ያህል የረዘመው የፕሬዝዳንት ምርጫ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ስለሚመጣ ነው። በየሳምንቱ ቢመረጥ አንድም ጦርነት ባልኖረ ነበር። የምርጫቸው ቀን ማክሰኞ ነው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ሁሉም ሰላም ወዳድ ነው።

ቡሽንም ሳላመሰግን አላልፍም። ኢራቅ ውስጥ በያዝነው መንገድ እንጸናለን እያሉ ዓመታት ከረሙ። በጥቅምት 2006፣ የኮንግረስ ምርጫው ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ እንዲያ ያለ አቋም ኖሮን አያውቅም አሉ። አይን በአይን! ፓርቲያቸው ተሸነፈ። በማግስቱም የመከላከያ ሚኒስትራቸው መሰናበት ተነገረ። የኛ አባይም ሰከላ ይነሳል፣ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ ጣናን ያቋርጣል፣ ከዚያ ጎጃምን ዞሮ ወደ ምዕራብ ይነጉዳል። አቋም ቀየረ ያለው የለም። ስሙን ግን ታውቁታላችሁ።

በዚህ መሃል ድንች ጥብስ መጣልን። ሳየው ዋልተር ጆንስ ትዝ አሉኝና ለየኔታ ነገርኳቸው። እኚህ የኖርዝ ካሮላይና ሪፐብሊካን የምክር ቤት አባል ነበሩ። በ2003 ፈረንሳይ የኢራቅን ወረራ ስትቃወም ተናደዱ። እንግሊዝኛው ድንች ጥብስን "የፈረንሳይ" ብሎ ስለሚጠራው፣ በምክር ቤቱ ካፍቴሪያ ስሙ "የነፃነት ጥብስ" ተብሎ እንዲቀየር ካደረጉት አንዱ ሆኑ። ከዚያ የአንድ ወታደር ቀብር ላይ ተገኙ። በ2005 ጦርነቱን ተቃወሙ። ጦርነቱ የገዛ ፓርቲያቸው ነው። የመረጣቸው ሕዝብ መሃል ትልቅ የማሪን ጦር ሰፈር አለ። ምርጫ ገና ነበር። ለሟች ቤተሰቦች በእጃቸው እየፈረሙ ከ10,000 በላይ ደብዳቤ ላኩ።

የኔታ ድንቹን በጣታቸው እንደያዙ ቆዩ።

"ይሄስ ባለቅኔ አይደለም" አሉ። "ለቅሶ ደራሽ ነው።"

ከዚያ ብዙ አላወራንም። አስተናጋጇ ሂሳቡን አምጥታ መሃላችን አስቀመጠች። የኔታን አየኋቸው። እሳቸው ደጁን ያያሉ።

"የኔታ፣ እከፍላለሁ ብለው ነበር እኮ።"

ነጠላቸውን እያጣፉ ተነሱ።

"በርግጥ እከፍላለሁ ብያለሁ" አሉ፣ "አልከፍልም ከማለቴ በፊት።"

ሁለት ቡና፣ አንድ ሻይ፣ አንድ ድንች ጥብስ። ከፈልኩ።