ሰዓት የሌላት እናት

እ.ኤ.አ. በ1832 ኤልዛቤት ቤንትሊ የምትባል የ23 ዓመት ሴት የእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ቃሏን ሰጠች። ሊድስ ከተማ በሚገኝ የተልባ ክር ፋብሪካ ሥራ የጀመረችው በ6 ዓመቷ ነው። ሥራ ሲበዛ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ትሠራለች። ሲቀል ደግሞ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት። ለምሳ 40 ደቂቃ ነበራቸው። ክር የሞላውን ቀሰም እያነሳች ባዶውን ትተካለች። ከዘገየች በጠፍር ትገረፋለች።

ከቃሏ ውስጥ እኔን እስካሁን የሚከተለኝ የእናቷ ነገር ነው። ቤታቸው ሰዓት አልነበረም። እናትየው በሌሊት ወደ ከሰል ጉድጓድ የሚሄዱ ሠራተኞችን ድምፅ ታዳምጣለች። ስትሰማቸው ከሞቀ አልጋዋ ወርዳ ደጅ ትወጣና ስንት ሰዓት እንደሆነ ትጠይቃቸዋለች። አንዳንዴ ልጅቷ ገና በ8 ሰዓት ሌሊት ደርሳ፣ ዝናብ እየወረደ፣ የፋብሪካው በር እስኪከፈት ትጠብቅ ነበር።

ኢንዱስትሪ ሥራን ምን አደረገው ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ መልስ አላገኘሁም። ከዚያ በፊት ሊድስ ያለችበት የዮርክሻየር ግዛት ሸማኔ እንደኛው ሸማኔ ቤቱ ነበር የሚሠራው። ሲደክመው ይነሳል። ጓሮውን ይኮተኩታል። ብዙዎቹ ሰኞን አርፈው ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ሌሊቱን ይገፉታል። ድህነት ነበር፣ ልጆችም ይሠሩ ነበር። ሰዓቱ ግን የራሱ ነበር። መጀመሪያ በውኃ፣ በኋላ በእንፋሎት የሚሽከረከረው ማሽን አይደክመውም፤ ሰው ደግሞ እሱን መከተል ግድ ሆነበት።

ይህ እንዲለወጥ የጠየቁት ሰዎች ብዙ ዓይነት ነበሩ። ሪቻርድ ኦስትለር የርስት አስተዳዳሪ ነበር። በ1830 ለሊድስ ጋዜጣ ጻፈ፦ ባሕር ማዶ ያለውን ባርነት የምትቃወሙ ሰዎች፣ እዚሁ ደጃችሁ ያሉትን ሕፃናት እዩ አለ። ሠራተኞቹም የሥራ ሰዓት ይቀነስ የሚሉ ኮሚቴዎችን አቋቋሙ። ማይክል ሳድለር የተባለው የፓርላማ አባል የቀኑ ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ የሚለውን የ10 ሰዓት ሕግ አቀረበ፣ ቤንትሊንና ሌሎችንም አስመሰከረ። በዚያው በ1832 ሊድስ ላይ ለፓርላማ ሲወዳደር ተሸነፈ። ካሸነፉት አንዱ የተልባ ፋብሪካ ባለቤቶች ልጅ ነበር።

ባለፋብሪካዎቹ ኮሚቴው የእኛን ወገን አልሰማም ብለው ሌላ አጣሪ አስመረጡ። እሱም የልጆቹ ሥራ ከልክ ያለፈ መሆኑን አረጋገጠ። በ1833 የወጣው ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አብዛኞቹ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎች እንዳይገቡ ከለከለ። ግን ለመላው አገር የተመደቡት ተቆጣጣሪዎች 4 ብቻ ነበሩ!

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። የደመወዝ ወለል ይኑር ሲባል፣ «ቆይ፣ ኢንቨስተሩ ይሸሻል፣ መጀመሪያ ኢንዱስትሪው ይደግ» የሚል መልስ ይሰማል። ይህ መልስ አዲስ አይደለም። በ1837 ናሶ ሲንየር የተባለ፣ ኦክስፎርድ ያስተምር የነበረ የኢኮኖሚ ምሁር ትርፉ ሁሉ የሚገኘው ከመጨረሻዋ የሥራ ሰዓት ነው ብሎ ተከራከረ። አንድ ሰዓት ከቀነሳችሁ ትርፉ ጠፋ ማለቱ ነው። የውጭ ተወዳዳሪዎች ይበልጡናል የሚሉም ነበሩ።

የ10 ሰዓት ሕግ በ1847 ጸደቀ፤ ሴቶችንና ከ18 ዓመት በታች ያሉትን የሚመለከት ነበር። ሕጉን እስከ መጨረሻው የገፋው ጆን ፊልደን ራሱ ባለፋብሪካ ነው፤ በልጅነቱ በአባቱ ፋብሪካ ስለሠራ ድካሙን ያውቀዋል። ባለፋብሪካዎች በፈረቃ ሊያመልጡ ሞከሩ፣ በ1850ም ግማሽ ሰዓት ተጨመረ። የእንግሊዝ ጥጥ ኢንዱስትሪ ግን አልፈረሰም። እንዲያውም በቀጣዮቹ ዓመታት ይበልጥ አደገ።

እርግጥ ነው፣ እንግሊዝ ያኔ ቀዳሚ ነበረች። እኛ ዛሬ ሥራውን በአንድ ደብዳቤ ወደ ሌላ አገር ማዞር ከሚችል ልብስ ገዢ ኩባንያ ጋር ነው የምንደራደረው። ይህን አቃልዬ አላየውም። ግን በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የኢትዮጵያ ልብስ ስፌት ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደሆነ አሳይቷል። በዘርፉ ከዓለም ዝቅተኛው ነበር። ሐዋሳ ፓርክ ከገቡት ወጣቶች ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ሴቶች ናቸው። በዚያ ገንዘብ ቤት ተከራይቶ መኖር አይቻልም። ብዙዎቹ ጥለው ሲሄዱ ደግሞ «የሥራ ባህል የላቸውም» ተባሉ። ይህ በጣም ያናድደኛል።

በእኛ 2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ወለሉን ጉዳይ የሚመለከት የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። ከዚያ በኋላ ዓመታት በውይይት አለፉ።

«ቆይ» የምትለዋ ቃል ስንት ዓመት እንደምትበላ ማወቅ የሚፈልግ የቤንትሊን ዕድሜ ይቁጠር። ምስክርነቷን ስትሰጥ የምትኖረው በድሆች መጠለያ ነበር፣ ሰውነቷም በሥራው ጎብጦ ነበር። የ10 ሰዓቱ ሕግ ሲጸድቅ ያቺ የ6 ዓመት ልጅ ፋብሪካ ከገባች 32 ዓመት ገደማ ሆኖ ነበር።