ኧረ ሽጉጡን አትፈትጉት!

ወገኖቼ፣ ዛሬ ደስ የማይላችሁን ነገር ልናገር ነው። ከጣሊያን የተማረከ ሽጉጥ ቤታችሁ ያላችሁ፣ ይህንኑ ፍለጋ ደላላ የምታስሯሯጡም፣ ስሙኝ።

ምን ነካችሁ? አያት የማረኩትን ቤሬታ ወስዳችሁ ኒኬል ታስነክራላችሁ። እጀታውን አውልቃችሁ ቀንድ ታስገጥማላችሁ። በብርጭቆ ወረቀት ፈትጋችሁ "አዲስ አስመሰልኩት" ትላላችሁ። አዲስ ከመሰለማ ምርኮ መሆኑ በምን ይታወቅ?

እስኪ ቤሬታ ሞዴል 1934ን ቀረብ ብላችሁ እዩት። በግራ ጎኑ፣ ተንሸራታቹ ብረት ላይ፣ ደቃቅ ጽሑፍ አለ። የፋብሪካው ስም፣ "9 ኮርቶ" የሚል የጥይት መጠን፣ የተሠራበት ከተማ ጋርዶኔ፣ ከዚያ ዓመቱ። አንዱ ላይ በፈረንጆች 1937 ተጽፎ አጠገቡ በሮማውያን ቁጥር 15 ይከተላል። ሙሶሊኒ ከጥቅምት 1922 ጀምሮ የራሱን ዘመን ያስቆጥር ስለነበር ነው። ሰውዬው አዲስ ዘመን ጀመርኩ ብሎ ብረት ላይ ሳይቀር አስቀረጸ፤ ብረቱ ግን አርበኛ እጅ ገባ። ከዚህ የሚበልጥ ፉከራ ከየት ይመጣል? እናንተ ያቺኑ መስመር በሞረድ ታጠፏታላችሁ!

ሽጉጥ ማስዋብ ሁሉ ነውር ነው አላልኩም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካውያን ወታደሮች ከተሰባበረ አውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ እየቆረጡ ለሽጉጣቸው እጀታ ይሠሩ ነበር። ፕላስቲኩ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከሥሩ የሚስታቸውን ወይም የፍቅረኛቸውን ፎቶ ያስገባሉ። ዛሬ ሰብሳቢ እንዲህ ያለውን አጥብቆ ይፈልጋል። የጦርነቱ ዘመን ሥራ ነዋ፣ የባለቤቱ እጅ ያለበት። የእናንተም አያት ስማቸውን በጩቤ ጭረውበት ከሆነ፣ የተሰነጠቀውን እጀታ በሽቦ ጠምጥመውት ከሆነ፣ ያ ጭረትና ያ ሽቦ አይነካ። አምና ያስነከራችሁት ኒኬል ግን የማንም ታሪክ አይደለም።

ዋሾዎችም አላችሁ። ቤሬታ 1934 ይዞ "አያቴ ዐድዋ ላይ የማረኩት ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። ዐድዋ 1888 ነው። ይህ ሽጉጥ የወጣው በእኛ 1926 ገደማ። ከመሠራቱ 38 ዓመት በፊት እንዴት አድርገው ማረኩት? በዐድዋ ዘመን የጣሊያን ጦር የነበረው ቦዴዮ የሚባል ባለስድስት ጥይት ተሽከርካሪ ሽጉጥ ነው፤ መልኩም ከቤሬታ ጋር አይገናኝም። የአምስቱ ዓመት ተጋድሎ አንሶ ነው ዐድዋን መለመን?

ይልቅ ወረቀት ያዙ። አሜሪካኖቹ ምርኮ ይዘው አገራቸው ሲገቡ አዛዥ የፈረመበት ማረጋገጫ ይይዙ ነበር፤ ሽጉጡ ከዚያ ወረቀት ጋር ሲገኝ ዋጋው ሌላ ነው። የእኛዎቹ ማን ይፈርምላቸው፣ ጫካ ነበሩ። እንግዲህ ታሪኩን ከአያት አፍ የሰሙትን አባትና አክስት ጠይቁ። የት ተማረከ፣ ማን አብሮ ነበር፣ ከዚያስ እጅ በእጅ እንዴት እዚህ ደረሰ። ከሽጉጡ ቁጥር ጋር ጽፋችሁ አስፈርሙ። ቁጥሩን ደግሞ እንዳትፍቁት። ቁጥሩ የተፋቀ ሽጉጥ ፖሊስ እጅ ሲገባ ማንም የጀግና ቅርስ ነው ብሎ አይቀበላችሁም።

"የአያቴ ነው" ማለትም ፈቃድ አይሆንም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ያስከስሳል። ደግሞ ካዝናውን ስለነቀላችሁ ባዶ ነው ብላችሁ ለልጅ አታቀብሉ። አንዲት ጥይት ጎርሳ ልትቀር ትችላለች፤ ይህ ሽጉጥ ደግሞ ካዝናው ተነቅሎም ይተኩሳል። የሚያውቅ ሰው ይፈትሽላችሁ።

ለማቆየትማ ብዙ ጣጣ የለውም። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ስስ ዘይት መቀባት፣ በቃ። ከቆዳ ማኅደሩ አውጡት፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝገዋል። ማኅደሩን ለብቻው አስቀምጡ፣ እሱንም በጫማ ቀለም እንዳትለቀልቁት!