ዝም ብሎ የሚዘል ዝርዝር

ጅማ ሂርማታ አካባቢ ለሚሠራ አንድ ቡና አቅራቢ የጀንፈል መረከቢያ ሒሳብ የሚይዝ ፕሮግራም ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፌ ካስረከብኩ አምስት ወር ሆኖኛል። ባለፈው ሳምንት በእኔ ኮድ ምክንያት አንድ ሽማግሌ መጋዘን ጠባቂ ሲጠረጠሩ በዓይኔ አየሁ። ኮምፒውተሩ ያወጣው ድምር መጋዘን ውስጥ ካለው ቡና በ62 ኪሎ፣ ማለትም በአንድ ጆንያ ያህል፣ ይበልጥ ነበር። «ከዚህ ግቢ አንዲት ፍሬ አልወጣችም» ሲሉ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጥፋቱን ሦስት ሌሊት ፈለግሁት። የተገኘው የተሰረዙ ደረሰኞችን በሚያስወግደው ሉፕ (ያንኑ ሥራ በየተራ የሚደጋግም የኮድ ክፍል) ውስጥ ነው፤ ዝርዝሩን እያነበብኩ ከዚያው ከማነበው ዝርዝር ላይ አጠፋ ነበር። ፓይተን ዝርዝርን በሉፕ ሲያነብ የደረሰበትን ቦታ የሚያውቀው በቁጥር ብቻ ነው። አምስተኛው ደረሰኝ ሲወገድ ስድስተኛው ወደ አምስተኛው ቦታ ይጠጋል፤ ቆጣሪው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ስድስተኛው ቦታ ስለሚያልፍ የተጠጋው ደረሰኝ ሳይመረመር ይቀራል። ያ ደረሰኝ ደህና ከሆነ ጉዳት የለውም፤ ስለዚህ ሁለት የተሰረዙ ደረሰኞች ካልተከታተሉ በቀር ውጤቱ ትክክል ይሆናል። እኔ በሞከርኩበት መረጃ አንድም ጊዜ አልተከታተሉም። በመጋዘኑ ግን መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር መዝጋቢዋ ያንኑ ጭነት ደግማ ደጋግማ ትመዘግብና ትርፎቹን በተከታታይ ትሰርዛለች።

የሚያንገበግበኝ የቋንቋው ዝምታ ነው። ይኸው ፓይተን ዲክሽነሪ (መረጃን በመለያ ቁልፍ የሚይዝ መዝገብ) እየተነበበ መጠኑ ከተለወጠ ሥራውን አቋርጦ ስህተት መኖሩን ይናገራል፤ ዝርዝር ላይ ሲደርስ ምን ከለከለው? የሌላው የፕሮግራም ቋንቋ የጃቫ ዝርዝር፣ አሬይሊስት፣ የተደረጉበትን ለውጦች ስለሚቆጥር አብዛኛውን ጊዜ ያስቆማል። እርሱም ቢሆን የሚወገደው ከመጨረሻው ልክ አንድ ቀድሞ ያለው ከሆነ፣ ቆጣሪው ከአዲሱ መጠን ጋር እኩል ሆኖ ስለሚገኝ ዝርዝሩ ያለቀ መስሎት በጸጥታ ይወጣል፤ የመጨረሻው ሳይታይ ይቀራል። «መመሪያው ላይ ማስጠንቀቂያ አለ» የሚለኝ ባልደረባ አለኝ። አለ፤ አንብቤውም ነበር። ነገር ግን ሌሊት ደክሞት የሚጽፍ ሰው የሚሳሳትበትን ቦታ አስቀድሞ የሚያውቅ ቋንቋ፣ በየዙሩ አንድ ቁጥር ለማመሳከር የሚወስደውን ጥቂት ጊዜ መቆጠቡን ከእውነተኛ ውጤት ማስበለጡን ልቀበለው አልችልም። ስህተቱ ጮኾ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን አርሜው ነበር።

ማስተካከያው አንድ መስመር ሆነ፦ አሮጌውን ዝርዝር ሳልነካ ያልተሰረዙትን ብቻ ወደ አዲስ ዝርዝር መለየት። ድምሩ ከመጋዘኑ ጋር ገጠመ፤ ሽማግሌውንም በሠራተኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አሁን የቀደሙትን አራት ወራት ደረሰኞች አንድ በአንድ በእጅ እያመሳከርኩ ነው፤ እስካሁን ሁለት ሳይሰረዙ ያለፉ አግኝቻለሁ።