ኢሲጂ ማንበብን የሚያስተምረው ማን ነው?

እዚህ አሜሪካ ደረቴን አመመኝ ብሎ ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው ስለ ሕመሙ ተናግሮ ሳይጨርስ ሸሚዙን እንዲያወልቅ ይጠየቃል፤ መመሪያው በሽተኛው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚመዘግብ ምርመራ) ተነሥቶ ሐኪም እንዲያየው ያዛልና። አሥሩን ኤሌክትሮድ የሚለጥፈው ብዙ ጊዜ ለዚሁ ሥራ የሠለጠነ ቴክኒሻን ነው። ማሽኑ የልቡን ኤሌክትሪክ በ12 አቅጣጫ መዝግቦ ወረቀቱን ሲያወጣ የራሱንም ንባብ ከላይ ጽፎበት ነው፤ አጠገቡ ግን ንባቡ በሐኪም እንዳልተረጋገጠ የሚገልጽ ማስታወሻ አለ። ይህ ማስታወሻ ከመዝገቡ የሚነሣው ኃላፊነት ያለበት ሐኪም ወረቀቱን አይቶ፣ ተስማምቶ ወይም አርሞ ሲፈርምበት ነው።

ተመሳሳይ ማሽኖች አገር ቤትም አሉ፤ ያንኑ ማስታወሻም ያትማሉ። ነገር ግን እኔ በማውቃቸው ሆስፒታሎች ማስታወሻው ወረቀቱ እስኪጠፋ ድረስ በበሽተኛው ካርድ ውስጥ እንዳለ ይኖራል እንጂ ማንም መጥቶ አያነሣውም። ትምህርቴን እዚያው ጨርሼ በአንድ የክልል ሆስፒታል በጂፒነት (በጠቅላላ ሐኪምነት) ከሠራሁ በኋላ ወደዚህ የመጣሁ በመሆኔ ሁለቱንም አይቻለሁ። ከማሽን እጥረት ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ የሁለተኛ አንባቢ አለመኖር ነው።

የንባቡ ፊደል በየትም አገር አንድ ነው። የላይደኑ ሆላንዳዊ ዊለም አይንትሆቨን፣ ኋላ በ1924 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበለበትን ሥራ ሲሠራ ለሞገዶቹ ያወጣላቸው ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ የሚሉ ስሞች እስከ ዛሬ አልተለወጡም። ወረቀቱ በተለመደው አሠራር በሰከንድ 25 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ ትንሿ ካሬ 0.04 ሰከንድ፣ ትልቋ 0.2 ሰከንድ ናት፤ ምቱ ሥርዓቱን የጠበቀ ከሆነ 300ን በሁለት ምቶች መካከል ባሉት ትልልቅ ካሬዎች ቁጥር ማካፈል የደቂቃውን ምት ይሰጣል። ይህን ጎንደር ያለ ኢንተርንም ቦስተን ያለ ኢንተርንም በአንድ ከሰዓት በኋላ ይማረዋል። ዓመታት የሚወስደው፣ ይህ ወረቀት ለዚህ ሰው በዚህ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ መወሰኑ ነው። ውሳኔው የሚበስለው ደግሞ በማግስቱ ጠዋት «ለምን እንዲህ አልክ?» የሚል ሲኒየር ሲኖር፣ ወይም የዛሬውን ወረቀት ከዓምናው ጎን ማስቀመጥ ሲቻል ነው። የግራው የልብ ኤሌክትሪክ መስመር የተዘጋበት በሽተኛ ኪውአርኤሱ (ኪው፣ አርና ኤስ ሞገዶች አንድ ላይ) ሰፍቶ ቢገኝ፣ ችግሩ ዛሬ የመጣ ነው ወይስ ከአምስት ዓመት በፊትም የነበረ? እዚህ መልሱ ከኮምፒውተሩ በቅጽበት ይወጣል። እዚያ መልሱ፣ ከተገኘ፣ በአስታማሚው ፌስታል ውስጥ ነው፤ በሙቀት የሚታተመው ወረቀት ደግሞ ብርሃንና ሙቀት ሲነካው ስለሚደበዝዝ፣ በጥንቃቄ ታጥፎ የመጣው ኢሲጂ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ይከፈታል። ወረቀቱ በወጣበት ዕለት በአንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ካርዱ ውስጥ ቢቀመጥ ይህ ሁሉ ባልተፈጠረ ነበር።

ይሁን እንጂ እዚህ ያለውንም ሁሉ አላደንቅም። ብዙ ወጣት ሐኪሞች ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ማሽኑ በጻፈው መስመር ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ያንን ካነበቡ በኋላ ሌላ ነገር ማየት ይከብዳቸዋል። ማሽኑ በብርድ የሚንቀጠቀጥን ሰው የጡንቻ ንዝረት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የላይኞቹ የልብ ክፍሎች ምት መዘበራረቅ) ሊለው ይችላል፤ የሁለቱ እጆች ገመድ ሲቀያየር በሌለ በሽታ ሊከስስ ይችላል፤ በወጣት ጥቁር ወንዶች ላይ አዘውትሮ የሚታየውንና ጉዳት የሌለውን የኤስቲ ከፍታ (በኤስና በቲ ሞገዶች መካከል ያለው መስመር ከፍ ማለት) ድንገተኛ የልብ ደም ሥር መዘጋት ነው ብሎ ሊያስደነግጥ ይችላል። አገር ቤት የተማርን ሰዎች ማሽኑን እንድናምን የሚገፋን ነገር ስላልነበረ ካሬ መቁጠርን የሙጥኝ ብለን ያዝን፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ጆሯችንን ተጠቀምን። የማይትራል ቫልቭ (በልብ የግራ ክፍሎች መካከል ያለው በር) ጥበትን በስቴቶስኮፕ ሰምቶ ካበቃ በኋላ ወደ ኢሲጂው የሚሄድ ተማሪ፣ ወረቀቱ ላይ የሚፈልገውን ነገር አስቀድሞ ያውቃል።

ይህ ሕመም፣ ሩማቲክ የልብ ሕመም፣ በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን የሚነሣ ሲሆን፣ አገር ቤት ገና በርካታ ወጣቶችን ይይዛል፤ እዚህ ግን ከውጭ ከመጡ ሰዎች በስተቀር እምብዛም አይታይም። በሁለተኛው ሊድ (ከ12ቱ አቅጣጫዎች በአንዱ) ላይ ከሦስት ትንንሽ ካሬ በላይ የሰፋና አናቱ የተሰነጠቀ ፒ ሞገድ ሳይ፣ አብረውኝ የሚሠሩት እንደ ተራ ነገር ያልፉታል፤ እኔ ግን ሴትዮዋ የት እንዳደገችና በእርግዝናዋ ጊዜ ትንፋሽ ያጥራት እንደነበረ እጠይቃለሁ። ጉዳዩ የዕውቀት ኩራት ብቻ አይደለም። ጥበቱ ሲቆይ ፒ ሞገዱ ጠፍቶ ምቱ ይዘበራረቃል፤ በዚህ ጊዜ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት ይለያል። በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት፣ ሩማቲክ የልብ ሕመምና ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ላለባቸው ሰዎች እንደ ዋርፋሪን ያሉት የቆዩ መድኃኒቶች ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን እንደሚሻሉ አሳይቷል።

ከዚህ የምደርስበት ሐሳብ የትምህርቱን ቅደም ተከተል የሚመለከት ነው። የምንማርባቸው መጻሕፍት የተጻፉት የልብ ደም ሥር መዘጋት ግንባር ቀደም ገዳይ ለሆነባቸው አገሮች ነው፤ እዚህ የኤስቲ ከፍታ ከታየ በሽተኛው ከደረሰ በ90 ደቂቃ ውስጥ የተዘጋው የደም ሥር በካቴተር (በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ) እንዲከፈት ይሮጣል። አገር ቤት ካቴተር ክፍሎች ጥቂት ናቸው፤ በአብዛኛውም አዲስ አበባ ናቸው። ከዋና ከተማው ርቆ ያለ ጂፒ ከፍታውን በትክክል ቢያነብም አስፕሪን ሰጥቶ ሪፈር ከመጻፍ ያለፈ ብዙ ነገር በእጁ የለም፤ ወደ ሥራ የማይለወጥ ንባብ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ይዶለዱማል። የደም ግፊትና ስኳር እየተስፋፉ ስለሆነ ይህ ትምህርት ይቅር አልልም። ግን መጀመሪያ ሊሰለጥኑበት የሚገባው በእጅ ባለ መድኃኒት ሰው የሚያድነው ንባብ ነው።

ኩላሊቱ ደክሞ ፖታሲየም በደሙ ውስጥ የተጠራቀመበት በሽተኛ በተረኝነት ሌሊት ሲመጣ ላብራቶሪው «ሪኤጀንት አልቋል» ሊል ይችላል። ኢሲጂው ግን ይናገራል፦ ቲ ሞገዱ ሹል ሆኖ ይቆማል፣ ፒ ሞገዱ ይሟሽሻል፣ ኪውአርኤሱ እየሰፋ ሄዶ በመጨረሻ ሁሉም አንድ ወጥ ማዕበል ይሆናል። ይህን ያየ ሐኪም የፖታሲየሙን ውጤት ሳይጠብቅ ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ሥር ሰጥቶ ልቡን በደቂቃዎች ውስጥ ይከላከልለታል፤ ኢንሱሊንን ከግሉኮስ ጋር ሰጥቶም ለኩላሊት እጥበቱ ጊዜ ይገዛለታል። ዲጎክሲን የተባለው የልብ መድኃኒትም እንዲሁ ነው፤ ኤስቲው ወደ ታች ጎብጦ መታየቱ መድኃኒቱ መወሰዱን እንጂ መመረዝን አያመለክትም፤ የምቱ ከልክ በላይ መዘግየትና ያለ ቦታቸው የሚመጡ ምቶች ግን መድኃኒቱ ወዲያው እንዲቆም የሚያስገድዱ ናቸው። እነዚህን ለመለየት የሚያስፈልገው ማሽኑና የሠለጠነ ዓይን ነው።

ሁለተኛውን አንባቢ ወጣቶቹ ራሳቸው በቴሌግራም መፈለግ ጀምረዋል። ኢሲጂውን በስልክ አንሥተው ለቀድሞ መምህራቸው፣ ለሬዚደንት ጓደኛቸው ወይም ለእኛ ይልካሉ፤ እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚህ በምሥራቁ ዳርቻ ገና ከሰዓት በኋላ በመሆኑ መልስ የሚሰጥ አይጠፋም። አሠራሩ ጉድለት አለበት፤ ፎቶው ዘንበል ሲል ትንንሾቹ ካሬዎች አይቆጠሩም፣ ፍጥነቱ የተጻፈበት የታችኛው ጠርዝ ይቆረጣል፣ የበሽተኛው ስም ሳይሸፈን ለመቶ ሰው ይደርሳል፣ ዕድሜውና ሕመሙ ግን አይጻፍም። ከእኛ በኩል ያለው ጉድለት የባሰ ይመስለኛል። ጥያቄው ከወረዳ ሆስፒታል ተልኮ ሳለ ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ጉዳትን የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይደጋገም፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ዛሬውኑ ይሠራ፣ ወደ ካቴተር ክፍል ይወሰድ ብለን እንመልሳለን፤ እዚያ ላለው ሐኪም ይህ መልስ ከዝምታ አይሻልም። ንባባችንን ከመላካችን በፊት በፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ምን እንዳለ፣ አምቡላንሱ ነዳጅ እንዳለውና የቅርቡ ሪፈራል ሆስፒታል ስንት ሰዓት እንደሚርቅ መጠየቅ ይገባን ነበር።