በጉ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ

የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ሆይ! ልጃችሁ ከሳዑዲ ወይም ከየመን ሲመለስ በግ ታርዳላችሁ፣ ቡና ታፈላላችሁ፣ ጎረቤት ትጠራላችሁ። ጤና ጣቢያ ግን አትወስዱትም። «ሲሄድ ተመርምሮ የለም ወይ?» ትላላችሁ። ሲሄድ የተመረመረው ለቪዛው ነው። ከዚያ ወዲህ በጠባብ ክፍል ከስንቱ ጋር ታጉሮ እንደከረመ እናንተም ታውቃላችሁ። በበረሃና በባሕር የሄደውማ ጭራሽ ያየው ሐኪም የለም። የቲቢ ጀርም ሰውነት ውስጥ ገብቶ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያደባል፤ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ነው። በመጣ ሰሞን ፊቱ መጥራቱ አያታላችሁ።

ሳሉ 2 ሳምንት ከሞላው፣ ማታ ማታ ካላበው ወይም ከከሳ፣ ሽሮፕ መግዛቱን ተዉና አክታ ይስጥ። ምራቅ አላልንም! አፉን በውሃ ተጉመጥምጦ፣ ደጋግሞ በረጅሙ ተንፍሶ፣ ከደረቱ ስሎ የሚያወጣውን ነው። ምራቅ ሞልቶ ሰጥቶ «ነጻ ነኝ» የሚል ስንት አለ! ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ ናሙናው ከገባ 2 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውጤት ያወጣል፤ ጀርሙ ዋናውን የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲንን የተላመደ መሆን አለመሆኑንም አብሮ ይለያል። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋም ነጻ ነው፤ የተለመደው 6 ወር ሲሆን 2ቱን ወር አራት ዓይነት፣ 4ቱን ወር ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይዋጣል። ሽንቱ ብርቱካንማ ቢሆን የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ አትደንግጡ። የምታበላሹት ሳሉ ሲለቀውና ሲወፍር ነው፤ «ድኗል» ብላችሁ ታስቆሙታላችሁ። መድኃኒቱን የሚቋቋመው ጀርም ተርፎ ይራባል፤ ያን ጊዜ የሚጠብቃችሁ የቦሩ ሜዳ ሆስፒታሉ ከባድ ሕክምና ነው።

ደግሞ ሲኒ ትለዩበታላችሁ፣ መስኮቱን ግን ብርድ ፈርታችሁ ትደፍናላችሁ። የሳንባ ቲቢ በአየር እንጂ በሲኒ አይተላለፍም። ሲኒውን መልሱለት፣ መስኮቱን ክፈቱ። በቤቱ ከ5 ዓመት በታች ሕፃን ካለ አብሮ ይታይ፤ በሽታው ከሌለበት መከላከያ መድኃኒት ይሰጠዋል።

ትኩሳትም አለ። ደሴ ከፍታዋ ከ2,400 ሜትር ስለሚበልጥ ወባ ትዝ አይላችሁም፤ ያተኮሰው ሁሉ ታይፎይድ ነው ለእናንተ። በአፋር በኩል የመጣ ሰው ካተኮሰው በዚያው ቀን ከጣቱ ደም ይታይ። የወባው መድኃኒት ኮአርተም ከታዘዘለት በ3 ቀን 6 ጊዜ ነው፤ ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይውሰደው፣ በባዶ ሆድ በደንብ አይሰርግም። ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት በኋላ ስለሚያገረሽ የጉበቱ መድኃኒት ለብቻው ይታዘዛል። ኮምቦልቻዎች፣ የእናንተ ትንኝ ከእሱ ወስዳ ለጎረቤት ታደርሳለችና አጎበር ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ይዘርጋለት።

የኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ምርመራም ይጨመር። የኤች አይ ቪው በቅርብ ሳምንታት የገባን ቫይረስ ሊያልፈው ስለሚችል ከ3 ወር በኋላ ይደገም። የተመለሰችው ሴት ልጅ ከሆነች ምርመራ ክፍል ተከትላችኋት አትግቡ፤ እዚያ ለባለሙያው የምትናገረው ይኖራታል። እናቷም ብትሆኑ ውጭ ጠብቁ።